የማይሠራው ካሜራና የተከማቸው ፎቶ ምን ይሁኑ? በቤት የሚሠሩ ሥራዎች ከነአሠራራቸው

የተበላሸ ካሜራ፣ ሻጋታ የያዘው ሌንስ፣ ማን እንዳነሳው የማይታወቅ ስላይድ (በብርሃን ፊት የሚታይ፣ ክፈፍ ውስጥ የገባ ፊልም)፣ ፖስታ ውስጥ የታጨቀ ፎቶ። ለመጣል ያሳዝናል፤ ቢቀመጥ ደግሞ ቦታ ይይዛል። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ልዩ ሙያ አይጠይቁም። መቀስ፣ ካተር፣ ማስመሪያ፣ ካቻቪቴ፣ ናስትሮና ትንሽ ትዕግሥት ለአብዛኞቹ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ካሜራ በትራፓኖ በስቶ የጠረጴዛ መብራት ማድረግ ፋሽን ሆኗል። እኔ አይመቸኝም። በደንብ የሚሠራ ሜካኒካል ካሜራ ካላችሁ ዛሬም በፊልም ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ስጡት። ስለዚህ የመረጥኳቸው ሥራዎች ዕቃውን የማይጎዱ፣ አለዚያም ከመጀመሪያውም ያበቃለትን ዕቃ ብቻ የሚፈልጉ ናቸው።

መጀመሪያ መለየት

ዋናውን ፎቶ አትቁረጡ። ሁልጊዜ ቅጂውን ቁረጡ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ከተደረገ፣ በ300 ዲፒአይ ሲታተም ጥራቱ ሳይቀንስ እስከ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያድጋል። ኔጌቲቭ ግን ትንሽ ነው። የተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቢያንስ በ2400 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። ፎቶው አልበም ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ በጉልበት አትላጡት። የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ፣ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አላቅቁት።

ፊልሞቹን አሽትቱ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ከእሱ የሚወጣው አሲድ የሌላውንም ፊልም መበስበስ ስለሚያፋጥን ለብቻው አስቀምጡት። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ፊልም ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ከዚያ ዘመን ፊልሞች አንዳንዶቹ ናይትሬት ናቸው። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተነሳም ውሃ አያጠፋውም። ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ከሌለበትና ዕድሜው የሚያጠራጥር ከሆነ ለጌጥ አትጠቀሙበት።

ትልቁ አደጋ ፍላሹ ነው። ፍላሽ ያለው ካሜራ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ። ወደ 300 ቮልት ይይዛል። ባትሪው ከወጣ በኋላም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሲመታ ቀልድ አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ ጠንቅቆ የማያውቅ ሰው ፍላሽ ያለበትን ካሜራ፣ ርካሾቹን የአንድ ጊዜ ካሜራዎች ጨምሮ፣ ባይፈታ ነው የሚሻለው። እዚህ ካሉት ሥራዎች አንዱም ፍላሽ መፍታት አይጠይቅም።

ሌንስም የራሱ ነገር አለው። ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ አንዳንድ ሌንሶች መስታወታቸው ውስጥ ቶሪየም አለ። ቶሪየም ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሲያረጁ ወደ ቢጫ ያደላሉ። መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ብዙም አያስጨንቁም። የማይሆነው መስታወቱን መሰባበር፣ መሞረድ ወይም ቀኑን ሙሉ ዓይን ላይ ለጥፎ መዋል ነው።

ፎቶን ወደ እንጨት ማዛወር

ለጀማሪ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ውጤቱም ከመደብር የተገዛ አይመስልም። ምስሉ እንጨቱ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን እንጨቱ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሕትመቱ ነው። የሚሠራው በሌዘር ፕሪንተር ወይም በፎቶኮፒ ማሽን፣ በተራ ወረቀት ላይ የታተመ ምስል ብቻ ነው። ምክንያቱም ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው። በሙቀት ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃም አያሟሟውም። የኢንክጄት ቀለም ግን ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ከፎቶ ቤት የመጣ ፎቶም አይሆንም፤ ምስሉ ያለው ፕላስቲክ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው።

1. ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ግራና ቀኙን ገልብጡት። ይህ ካልተደረገ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ኋላ ይነበባል፤ የሰውም ፊት እንግዳ ይሆናል። ብርሃንና ጥላው ጎላ ብሎ እንዲለይም ኮንትራስቱን ጨምሩ።

2. ነጣ ያለ እንጨት ምረጡ። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ፎቶው ላይ ነጭ የነበረው ቦታ ሁሉ የእንጨቱን ቀለም ይይዛል። ጥቁር እንጨት ላይ ፊት አይታይም። ነጣ ያለ ኮምፔንሳቶም ይሆናል።

3. እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ፣ እጅ ላይ ሻካራነቱ እስኪጠፋ አለስልሱት። አቧራውን ጥረጉ።

4. እንጨቱ ላይ ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡ። ለሥዕል የሚያገለግል ግልጽ አክሪሊክ ጄል ካገኛችሁ ይበልጣል፤ ሲደርቅ ውሃን የበለጠ ይቋቋማል። የትም ቦታ ደረቅ አይሁን፤ የትም ቦታ አይከማች። ኮላ በዛ ማለት አረፋ በዛ ማለት ነው።

5. ወረቀቱን የታተመው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ አስቀምጡት። አንዴ ከተቀመጠ አታንቀሳቅሱት። ከመሀል ወደ ዳር በፕላስቲክ ካርድ እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። በጠርዝ የወጣውን ኮላ ወዲያው ጥረጉ።

6. ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ምስሉ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይነሳል።

7. ወረቀቱን በእርጥብ ስፖንጅ አርሱት እንጂ አትንከሩት። ትንሽ ጠብቁና በጣታችሁ ጫፍ በክብ እያሻችሁ ወረቀቱን አንሱ። እየተጠቀለለ ይወጣል። ጥፍር አይነካውም።

8. ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይመጣበታል። አትደንግጡ፤ የቀረ የወረቀት ቃጫ ነው። እንደገና በትንሹ አርጥቡና አሹት። ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። ምስሉ መላጥ ከጀመረ ግን አቁሙ። ትንሽ ጭጋግ ቫርኒሹ ይሸፍነዋል።

9. ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ስስ ቫርኒሽ ደጋግማችሁ ቀቡ። በነጭ ኮላ ከሠራችሁ ዘይት ነክ ቫርኒሽ ይሁን። ውሃ ነክ የሆነው ኮላውን መልሶ ሊያለሰልሰው ይችላል።

ጠርዙና ማዕዘኑ ትንሽ ተልጦ ቢቀር እኔ አልጠግነውም። የእጅ ሥራ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ፊት ላይ የተላጠ ግን ሥራው ተበላሽቷል፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።

ከሌንስ ማጣሪያ የፎቶ ክፈፍ

ይህ አጭር ነው። ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዙ ክብ ማጣሪያዎች በየቦርሳው ኪስ ተረስተው ይቀራሉ። ብዙዎቹ ከፊትም ከኋላም ጥርስ ስላላቸው፣ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማጣሪያዎች እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ። ቁጥሩ ቀለበቱ ላይ ተጽፏል፤ 49፣ 52፣ 58 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ፎቶ በመሀላቸው አስገብቶ ማጥበቅ ብቻ ነው።

ልኩን ከቁጥሩ አትውሰዱ። ያ ቁጥር የጥርሱ ስፋት እንጂ የመስታወቱ አይደለም። ተራ ወረቀት መስታወቱ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ቁረጡትና ሞክሩት። ልክ ሲሆን ፎቶውን በዚያ መሠረት ቁረጡ። ሁለት ፎቶ ጀርባ ለጀርባ ብታደርጉ በሁለቱም በኩል ይታያል። በጠንካራ ክር አስሮ መስኮት ላይ መስቀል ይቻላል። ለዚህ የተጫረ ማጣሪያ ምረጡ፤ ጥሩው ሥራ አለው።

የስላይድ መብራት

ስላይድ ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ብቻ ነው የሚያምረው። ክፈፉ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ማዕዘን ላለው የመብራት ልባስ በእያንዳንዱ ጎን 4 ወደ ጎን፣ 5 ወደ ላይ ብትደረድሩ አንዱ ጎን 20 ስላይድ ይሆናል። በጠቅላላው 80 ስላይድ ማለት ነው። መጠኑ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይመጣል፤ በመሀል ላሉት ቀለበቶች ትንሽ ጨምሩበት።

ግን አስቡበት። ስላይድ ብርሃን ላይ ሲውል ይደበዝዛል። ለምሳሌ ኮዳክ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ማምረት ያቆመው ኮዳክሮም የተባለው የስላይድ ፊልም ጨለማ ውስጥ በጣም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ለጠንካራ ብርሃን ሲጋለጥ ግን ከሌሎች ፊልሞች ቶሎ ቀለሙን ያጣል። ስለዚህ የቤተሰብ ስላይድ ስካን ተደርጎ ወደ ሳጥኑ ይመለስ። ለመብራቱ ደብዛዛው፣ ተደጋጋሚው፣ ባለቤቱ የማይታወቀው ይበቃል።

የፕላስቲክ ክፈፎቹን ማዕዘን ላይ፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በ2 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ጫፍ ብሱ። ክፈፉ በጠባቡ በኩል እንኳ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ስላለው ምስሉን አትነኩም። አንዱን ክፈፍ በጥንቃቄ ልኩን አውጥታችሁ ብሱና ለሌሎቹ መለኪያ አድርጉት። ከዚያ ጌጣጌጥ ላይ በሚገቡ ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች፣ በፒንሳ እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ፣ ስላይዶቹን አያይዙ። የላይኛውን ረድፍ ከሽቦ የተሠራ የመብራት ልባስ አጽም ላይ ስቀሉት። የካርቶን ክፈፍ ያላቸው ስላይዶች ቀዳዳው ላይ ይቀደዳሉ፤ እነሱን ተዉዋቸው።

አምፖሉ ኤልኢዲ መሆን አለበት። ሌላው ይሞቃል፤ ሙቀት ፊልሙን ያጣምመዋል። አምፖሉ ነጥሮ ዓይን እንዳይወጋ ከስላይዶቹ ኋላ ስስ ነጭ ወረቀት አዙሩ። ወረቀቱም ስላይዱም አምፖሉን መንካት የለበትም።

ሌንስ ማጉያ ይሆናል

ሻጋታ የያዘው ወይም አፐርቸሩ (ውስጡ ያለው፣ የብርሃኑን መግቢያ የሚያሰፋውና የሚያጠበው ክፍል) የተጣበቀ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካላችሁ ምንም መፍታት ሳያስፈልግ ምርጥ ማጉያ መነጽር ነው። የጉልህነቱ መጠን 250ን ለሌንሱ ቁጥር በማካፈል ይገኛል። 50 ሚሊ ሜትር ወደ 5 እጥፍ፣ 28 ሚሊ ሜትር ወደ 9 እጥፍ ያጎላል። ካሜራ ላይ የሚገጥመውን ጀርባውን ወደሚታየው ነገር አዙሩ፤ ዓይናችሁን ወደ ፊቱ አስጠጉ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ኔጌቲቭ ለመመርመር፣ ቴምብር ለማየት፣ ጽሑፍ ለማንበብ ይሆናል።

ስልክ ካሜራ ፊት ላይ በዚሁ አቅጣጫ ብትይዙት የነፍሳት ክንፍ የሚያሳይ ፎቶ ያነሳል። ትኩረቱ የሚመጣው ሌንሱን በማዞር ሳይሆን ስልኩን በማቅረብና በማራቅ ነው። በሌንስ ፀሐይን አትዩ፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይም ሳይከደን አትተዉት። ወረቀት ያነዳል። ሻጋታ የያዘውን ከጤነኞቹ ጋር አታስቀምጡ።

ካሜራውን ፕሮጀክተር ማድረግ

ከሁሉም ይህንን እወደዋለሁ። ካሜራ ብርሃን ከውጭ ተቀብሎ ፊልም ላይ ይጥላል። መንገዱን ብትገለብጡት፣ ፊልም ላይ ያለውን ምስል ግድግዳ ላይ ይጥላል። ካሜራው ላይ አንድም ቀዳዳ አይበሳም፤ ስትጨርሱ እንደነበረ ይመለሳል።

የሚያስፈልገው ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ የፍጥነት መምረጫው ላይ «ቢ» የሚል ምልክት ያለው የፊልም ካሜራ ነው። «ቢ» ላይ ሲሆን የማንሻው ቁልፍ ተጭኖ እስከቆየ ድረስ ሸተሩ፣ ማለትም ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው መጋረጃ፣ ክፍት ይሆናል። የቆጣሪው ወይም የብርሃን መለኪያው መበላሸት ግድ የለም። ሸተሩ ብቻ ይከፈት።

የኋላ ክዳኑን ክፈቱ። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ወይም በመጻሕፍት አስደግፋችሁ ነጭ ግድግዳ ፊት አቁሙት። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የማንሻውን ቁልፍ መቆለፊያ ባለው የማንሻ ገመድ ተጭናችሁ ቆልፉት። ገመዱ ከሌለ ቁልፉ ላይ ትንሽ ነገር አድርጋችሁ በናስትሮ እሰሩት። አሁን ከኋላ ስታዩ በሌንሱ በኩል ብርሃን መታየት አለበት።

ስላይዱን ከክፈፉ አውጡት። የካርቶኑ በካተር ይሰነጠቃል፤ የፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈታል። ፊልሙ ፊልም በሚያልፍበት መስኮት ላይ ይቀመጣል። አቀማመጡ ልክ ፎቶው ሲነሳ እንደነበረው ነው፦ የደበዘዘው ገጽ ወደ ሌንሱ፣ የሚያብለጨልጨው ወደ እናንተ፣ ምስሉም የተዘቀዘቀ። ዳርና ዳሩን በትንሽ ፕላስተር ያዙት። ፕላስተሩም ጣታችሁም የሸተሩን መጋረጃ እንዳይነካ። ከጨርቅ ወይም ከስስ ብረት የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል።

ከፊልሙ ኋላ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ነጭ ወረቀት አቁሙ። ከወረቀቱ ኋላ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይምጣ። ወረቀቱ ባይኖር መሀሉ ደምቆ ዳሩ ይጨልማል። ብርሃኑ ወደ ክፍሉ እንዳይፈስ ዙሪያውን በጥቁር ካርቶን ከልሉት። ክፍሉን ድርግም አድርጋችሁ አጨልሙና ሌንሱን አዙሩ። ግድግዳው 1 ሜትር ላይ ከሆነ የሌንሱ ቀለበትም 1 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ምስሉ ይጠራል።

በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ምስሉ ወደ 45 በ68 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለደካማ መብራት ይህ ይበዛበታል። ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ብታቀርቡት 26 በ40 አካባቢ ይሆንና በደንብ ይደምቃል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በቋሚ ማርከር ሥዕል እየሠሩ ራሳቸው ማሳየት ይችላሉ። ስትጨርሱ ቁልፉን መፍታት አትርሱ።

የወራት ፀሐይ በአንድ ወረቀት ላይ

የመጨረሻው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀኑ ያለፈበት የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት የትም ስለማይፈለግ አንዳንዴ በነጻ ይገኛል። ይህን ወረቀት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ውጭ ብትተዉት፣ የፀሐይን የየዕለቱን ጉዞ እንደ መስመር ይመዘግባል። ወረቀቱ በኬሚካል አይታጠብም። ብርሃኑ ብቻውን ያጠቁረዋል። የእንግሊዙ የሄርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ ምልከታ ጣቢያ ላይ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተተከለ የመጠጥ ቆርቆሮ የተገኘው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ የ8 ዓመት ፀሐይ ነበረበት።

1. ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚቀመጥበትን ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ያዙ። ቆርቆሮ ከሆነ ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡ።

2. ከመጠጥ ቆርቆሮ ትንሽ ስስ ብረት ቁረጡ። በመርፌ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጉት፤ ከኋላ ያበጠውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ እንደገና ነካ አድርጉ። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቆርቆሮ ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር፣ 3 ሴንቲ ሜትር ለሆነው የፊልም ዕቃ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክብና ንጹሕ መሆኑን አሁን በሠራችሁት የሌንስ ማጉያ እዩት።

3. የዕቃውን ጎን በትልቁ ብሱና ይህን ብረት ቀዳዳው ላይ በናስትሮ ለጥፉት። የመርፌውን ቀዳዳ በቁራጭ ናስትሮ ለጊዜው ዝጉ።

4. ደብዘዝ ባለ ብርሃን ወረቀቱን ቁረጡና ውስጡን ተከትሎ እንዲታጠፍ አስገቡት። የሚያብለጨልጨው ገጽ ወደ ቀዳዳው ይሁን። ወረቀቱ ቀዳዳውን እንዳይሸፍን። ክዳኑን ውሃ እንዳይገባ በናስትሮ ደጋግማችሁ ጠቅልሉት።

5. ምሰሶ ወይም የበረንዳ ብረት ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩት። ቢነቃነቅ ምስሉ ይደበላለቃል። ከምድር ወገብ በጣም ራቅ ብሎ በስተሰሜን ያለ ሰው ወደ ደቡብ፣ በስተደቡብ ያለ ወደ ሰሜን ያዙረው። ወገቡ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ስለምትሆን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ይሻላል። ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ለጥፉበት፤ በናስትሮ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ያየ ሰው ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም።

6. ናስትሮውን ከቀዳዳው አንሱና ተዉት። አንድ ሳምንትም ምስል ይሰጣል። ምርጡ ግን ከታኅሣሥ 12 አካባቢ እስከ ሰኔ 14 አካባቢ ነው። ፀሐይ ወደ ደቡብ በጣም ከምትርቅበት እስከ ወደ ሰሜን በጣም የምትርቅበት ያለው ሁሉ ይመዘገባል። ደመናማ ቀን መስመሩ ላይ ክፍተት ይተዋል።

7. ስታወርዱት ቀዳዳውን ዝጉ። ወረቀቱን ደብዘዝ ባለ ብርሃን አውጡ፤ እርጥብ ከሆነ ጨለማ ውስጥ አድርቁት። ምስል የሚያወጣም (ዴቬሎፐር) ሆነ ማጽኛ (ፊክሰር) ኬሚካል አታስነኩት፤ ማጽኛው ምስሉን በጣም ያደበዝዘዋል።

8. ስካነሩ ራሱ ብርሃን ስለሆነ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ስለዚህ የሙከራ ስካን ዝለሉና በቀጥታ በ600 ዲፒአይ ወይም ከዚያ በላይ፣ በቀለም፣ አንዴ አንሱት። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ቀይሩ፤ ግራና ቀኙንም ገልብጡ። ወረቀቱ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ቀለም ታያላችሁ። ዋናውን ወረቀት ብርሃን በማያስገባ ፖስታ አስቀምጡ። ቆርቆሮው ካልዛገ አዲስ ወረቀት አስገብታችሁ መልሳችሁ እሰሩት።